ሞተር ብስክሌቱ ቁልፉን «አላውቅህም» ሲለው

ቁልፍ የሚለው የአማርኛ ቃል ብዙ ሥራ የተጫነበት ቃል ነው። በር የሚዘጋበትም ቁልፍ ነው፤ የተዘጋው የሚከፈትበትም ቁልፍ ነው፤ በሸሚዝ ላይ የሚተከለውም ያው ቁልፍ ይባላል። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችንን ይህ ነገር ሳያደናግራቸው እንዳልቀረ እንገምታለን። በትግርኛ የበር መክፈቻ መፍትሕ ይባላል፤ ከዚያው ሥር የወጣው መፍትሔ ደግሞ በአማርኛ ከችግር የሚወጣበትን መንገድ ያመለክታል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን የመፍትሕን መፍትሔ የሚፈልግ ነው ብንል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

የምንጽፍበት ቁልፍ ጥርስ የለውም፤ ከቀዳዳም አይገባም። በኪስ እንደ ተቀመጠ፣ ባለቤቱ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ያለውን አዝራር ሲጫን ሞተሩ ለመነሣት ይዘጋጃል። መኪናዎች ይህን ዐይነት ቁልፍ የለመዱት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ከሞተር ብስክሌቶችም ካዋሳኪ በ2007 ያወጣው 1400 ጂ.ቲ.አር.፣ ዱካቲ በ2010 ያወጣው ሙልቲስትራዳ 1200፣ እንዲሁም ሆንዳ ለ2018 አድሶ ያቀረበው ጎልድ ዊንግ ይህ ቁልፍ ካላቸው መካከል ናቸው። ዛሬ ግን ነገሩ የትልልቆቹ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ወደ ትንንሽ ስኩተሮችም ወርዷል። ሰው ሁሉ ቁልፉን «ሪሞት» ይለዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የኪስ ቁልፍ እያልን እንጠራዋለን።

አሠራሩን ላላወቀ አስማት ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን በዘበኛና በአላፊ አግዳሚ መካከል እንደሚደረግ ንግግር ያለ ነው። አዝራሩ ሲጫን በሞተር ብስክሌቱ ውስጥ የተሰወረው አንቴና በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በሆነ ዝቅተኛ ሞገድ «ማነህ?» ብሎ ይጣራል። ጥሪው ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ስለ ሆነ ከአንድ ወይም ከሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። የኪስ ቁልፉ ጥሪውን ሲሰማ ከእንቅልፉ ይነቃና በሌላ እጅግ ከፍ ባለ ሞገድ ይመልሳል፤ ይህም በአውሮፓ ለሚሸጡት 433 ሜጋ ኸርዝ፣ በአሜሪካና በጃፓን ለሚሸጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ 315 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው። ዘበኛው በየጊዜው የሚጠይቀው አዲስ ቁጥር ነው፤ ቁልፉም በውስጡ በተሰወረው ምስጢር አስልቶ ትክክለኛውን መልስ ካልሰጠ ሞተሩ አይነሣም። ትናንት የተሰማውን መልስ ዛሬ መድገም አይጠቅምም።

እንግዲህ በዚህ ንግግር ውስጥ ሁለት አፍና ሁለት ጆሮ አለ ማለት ነው። ቁልፉ ጥሪውን ላይሰማ ይችላል፤ ሰምቶም ለመመለስ ኀይል ሊያንሰው ይችላል፤ መልሱ በሌላ ጩኸት ሊዋጥ ይችላል፤ ወይም ሞተር ብስክሌቱ ራሱ ሊደነቁር ይችላል። ለባለቤቱ ግን አራቱም መልካቸው አንድ ነው፤ ሞተሩ አልነሣም፣ ሰዓቱም አልፏል።

ደግሞ ጉድለቱ ዘወትር የሚታይ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው በቀለለ ነበር። አስቸጋሪው የሚመጣና የሚሄድ ሲሆን ነው። ጧት እንቢ ያለው ከቀትር በኋላ ይታዘዛል፤ በቤት የታዘዘው በመሥሪያ ቤት በር ላይ ይለግማል፤ መካኒኩ ዘንድ ሲደርስ ግን ነውር የማያውቅ መስሎ በመጀመሪያው ጥሪ ይነሣል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ ያልቅና ከሁሉ የሚወደደውን ዕቃ ለማስለወጥ ይቸኩላል፤ ተለውጦም በሳምንቱ ያው ነገር ይመለሳል። የመሥሪያ ቤት ሰው መዝገብ መያዝ ልማዱ ነውና፣ ልማዱን እዚህም ቢያውለው እንመክራለን። እንቢ ባለ ቁጥር ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉ የተቀመጠበትን ኪስ፣ ዝናብ ዘንቦ እንደ ሆነም በትንሽ ደብተር ይጻፍ። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ደብተሩ ራሱ መናገር ይጀምራል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አዝራሩ ሲጫን የመሪው ሰሌዳ መብራት ከበራ፣ ዘበኛው ቁልፉን አውቆ አሳልፎታል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ አልነሣ ቢል በኪስ ቁልፉ ማሳበብ አይገባም፤ ማርሹ ገብቶ፣ የጎን መቆሚያው ወርዶ ወይም ቀዩ የሞተር ማጥፊያ ተጭኖ ሊሆን ይችላልና እነዚህን ማየት ነው። ሰሌዳው ጨርሶ ካልበራ ወይም የቁልፍ ምልክት እያበራና እያጠፋ ካስጠነቀቀ፣ ጉዳዩ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ገንዘብ የማያስወጣው ነው። ሞተር ብስክሌት አዲስ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ ይሰጣል። ሁለተኛው በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ዓመት ያስቆጥራል። እርሱን አውጥቶ፣ አዲስ ባትሪ ድንጋይ አግብቶ፣ የመጀመሪያውን በቤት ትቶ ለአንድ ሳምንት በሁለተኛው ብቻ መጠቀም ነው። ጉድለቱ ከጠፋ በሽተኛው የመጀመሪያው ቁልፍ ነበር። ካልጠፋ ምክንያቱ በሞተር ብስክሌቱ፣ በአያያዙ ወይም በቦታው ላይ ይፈለግ። ሁለቱን ባንድ ኪስ ይዞ መፈተን ግን ማን እንደ መለሰ ስለማያስታውቅ ፈተና አይባልም።

አሁን ወደ ባትሪ ድንጋዩ እንምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው እርሱ ነውና። በብዙዎቹ የኪስ ቁልፎች ውስጥ የሚገኘው ሲ.አር. 2032 የሚባለው፣ ሳንቲም የሚመስለው ነው። ስሙ ራሱ ያስተምራል። «አር» የተባለው ፊደል ክብ መሆኑን ያመለክታል፤ 20 ማለት ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ 32 ማለት ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያወቀ ሰው ባለሱቁ 2025 ሲያቀርብለት፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ በስፍራው ሊላላ እንደሚችል ይረዳል። በመንገድ ጕድጓድ ላይ እየተንቀጠቀጠ አንድ ጊዜ የሚነካ፣ አንድ ጊዜ የማይነካ ድንጋይ እንዲህ ያለ ነው። 2016 የተባሉትን ሁለቱን ደራርቦ የሚያገባም አይታጣም፤ ውፍረቱ በርግጥ ይገጥማል፣ ቮልቱ ግን ከ3 ወደ 6 ከፍ ስለሚል ቁልፉን ሊያቃጥለው ይችላል።

አዲስ ድንጋይ በቴስተር ሲለካ 3 ቮልት ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ያሳያል። ቴስተሩን ግን ጨርሶ ማመን አይገባም። ያረጀ ድንጋይ ሥራ ሳይሰጠው ሲለካ ደኅና ይመስላል፤ ቁልፉ መልስ ለመስጠት በቅጽበት ኀይል ሲጠይቀው ግን አቅሙ ይከዳዋል። ብርድ ይህን ያባብሰዋል። ስለዚህ በደጋ ከተማ ጧት እንቢ ብሎ ፀሐይ ሲወጣ የሚታዘዝ ቁልፍ ያለው ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ድንጋዩን ይጠርጥር። ዋጋው ከጋራዥ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነውና፣ ለክቶ ከመከራከር በአዲስ መለወጥ ይሻላል። ሲለወጥም ክዳኑን በትልቅ ካቻቪቴ መፈልቀቅ ሳይሆን በሳንቲም ጠርዝ ቀስ ብሎ መክፈት፣ የመደመር ምልክቱ ያለበት ገጽ ወዴት እንደ ነበረ አስተውሎ መያዝ፣ ድንጋዩን የሚነኩትን ትንንሽ የብረት ምላሶችም በንጹሕ ጨርቅ ማበስ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሕፃናት እንዳይውጡት ብለው ድንጋዩን መራራ ነገር ይቀቡታል። ሐሳቡ የሚመሰገን ሲሆን፣ ቅቡ ከምላሶቹ ጋር እንዳይነካካ የሚያደርግበት ጊዜ አለና፣ አዲስ ድንጋይ ገብቶም ቁልፉ ዝም ካለ ይህን ማስታወስ ይገባል።

ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆች በተሰበሰቡበት ነው። ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች የምንለው አለን። ሕፃን ይህን ድንጋይ የዋጠ እንደ ሆነ፣ ወርዱ በጕሮሮ ቧንቧ ላይ እንዲሰነቀር ያደርገዋል፤ በዚያም ከሥጋው እርጥበት ጋር ተገናኝቶ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ብርቱ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ያለቀ ድንጋይም ቢሆን ለዚህ የሚበቃ ኀይል ይቀረዋል። ዋጠ ተብሎ የተጠረጠረ ሕፃን፣ ባያለቅስም ሆነ ባያስመልሰውም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ በራጅ መታየት አለበት፤ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም። አሮጌው ድንጋይ በሁለቱም ገጽ በፕላስተር ተጠቅልሎ ከቤት ይውጣ እንጂ በመስኮት ደፍ ላይ አይቀመጥ።

ድንጋዩ አዲስ ሆኖ ጉድለቱ ከቀጠለ፣ ባለሞተሩ ኪሱን ይመርምር። ቁልፉን ከእጅ ስልክ ጋር ባንድ ኪስ መያዝ በጣም የተለመደ ነው፤ በጣምም የማይጠቅም ነው። ስልክ፣ በተለይም ያለ ገመድ በሚሞላ መሣሪያ ላይ የተቀመጠ ስልክ፣ በቁልፉ አጠገብ የሚጮኽ ጎረቤት ነው። በመሪው ላይ የተተከለ ርካሽ የስልክ መሙያና ኋላ የተጨመረ መብራትም እንዲሁ ናቸው። የብረት የሲጋራ መያዣ፣ በሳንቲም የተሞላ ቦርሳ፣ አልፎ ተርፎም በአንቴናውና በቁልፉ መካከል ያለው የሰው ገላ ጥሪውን ያዳክማሉ። አንቴናው የት እንዳለ በባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ይገኛል፤ በአንዳንዶቹ ከመቀመጫው ሥር፣ በሌሎቹ በመሪው አካባቢ ነው። ቁልፉን ከኋላ ኪስ ወደ ፊት ኪስ ማዛወር ብቻ የወር ጭቅጭቅ የሚያበቃበት ጊዜ አለ።

ደብተሩ እንቢታው ሁልጊዜ ባንድ ቦታ መሆኑን ካሳየ፣ ጥፋቱ የቁልፉም የሞተሩም አይደለም። በሬዲዮ ማሠራጫ ግንብ ሥር ወይም የሬዲዮ መገናኛ በብዛት በሚሠራበት ግቢ አጠገብ የቁልፉ ድምፅ ሊዋጥ ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው ሞተሩን ሃያ ሜትር ገፍቶ ያስነሣዋል፤ ያላወቀው ጋራዥ ይጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባልልን እንፈልጋለን። በብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ዘበኛው ቁልፉን የሚጠይቀው ሲነሣ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ቢርቅ በሰሌዳው ላይ ያስጠነቅቃል እንጂ ሞተሩን አያጠፋም፤ በጕዞ ላይ ቢያጠፋ ሰው ይጎዳልና ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ምን ይከተላል? ባል ቁልፉን በካፖርቱ ኪስ እንዳለ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሙቀት ይሰማውና ካፖርቱን አውልቆ በበሩ ለቆመችው ሚስቱ ይሰጣታል፤ ተሰናብቶም ይሄዳል። ሰሌዳው ያስጠነቅቃል፤ እርሱ ግን ዐይኑ በመንገዱ ላይ ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ተጕዞ፣ ሻይ ለመጠጣት ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልነሣ ሲለው ተበላሸ ይላል። ሚስቲቱም ቁልፉን የምታገኘው ካፖርቱን ለመስቀል ስታነሣ ነው። እንዲህ ያለ «ብልሽት» በጋራዥ አይጠገንም። ከመንቀሳቀስ በፊት ኪስን በእጅ መዳሰስ፣ በጕዞ መካከልም ሞተሩን ከማጥፋት በፊት የሰሌዳውን ማስጠንቀቂያ ማየት ብቻ ነው መድኃኒቱ። ደግሞ ቁልፉን ዘወትር በሚለበስ ልብስ ኪስ እንጂ በሚወልቅ ልብስ መያዝ አይመከርም።

የቁልፉ ድንጋይ በመንገድ ላይ ጨርሶ ቢያልቅስ? ሠሪዎቹ ይህን አስበውበታል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳስረዳው፣ የሚለዋወጥ የመግነጢስ ኀይል በአጠገቡ ባለ ጥቅልል ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በብዙዎቹ ቁልፎች ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቅልል ስላለ፣ ቁልፉ ከአንቴናው ጋር ሊነካካ እስኪቃረብ ድረስ ቢጠጋ ከሞተር ብስክሌቱ በሚያገኘው ኀይል ብቻ መልስ ለመስጠት ይችላል። ዱካቲ ከሚሰጣቸው ሁለት ቁልፎች አንዱ እስከ ጭራሹ ባትሪ ድንጋይ የሌለው የተደረገበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ቁልፍ ያለው ሰው ቀደም ብለን የጠቀስነውን ፈተና የሚያደርገው በአንቴናው አጠገብ አስጠግቶ ይሆናል። ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ ባለቤቱ በፍሬቻ መጫኛዎቹ አምስት ቁጥሮችን ያሉት የምስጢር ቁጥር እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ዘዴው በየዐይነቱ ይለያያል። ዋናው ነገር በመሸ ጊዜ፣ በባዶ መንገድ ላይ መጽሐፍ ለማገላበጥ ከመድረስ በፊት፣ በእሑድ ቀን በቤት ደጅ አንድ ጊዜ ድንጋዩን አውጥቶ መለማመድ ነው። ያልተለማመደ ሰው አንቴናውን ሲፈልግ ይጨልማል።

ጥፋቱ በሞተር ብስክሌቱ በኩል ሲሆን ምልክቱ ይለያል፤ ሁለቱም ቁልፎች፣ በየትም ቦታ፣ በየትም ኪስ፣ እኩል ይለግማሉ። ያን ጊዜ በመጀመሪያ የሞተሩን ባትሪ መለካት ነው። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ ከ12.6 ቮልት አያንስም፤ ከ12 በታች የወረደ ግን ለዘበኛውም የሚበቃ አቅም ላይኖረው ይችላል። ለሳምንታት የቆመ ሞተር ብስክሌት ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። ቀጥሎ ወደ አንቴናው የሚሄደው ሽቦ መጋጠሚያ ይታያል። በቀይ ባሕር ዳርና በጂቡቲ፣ ጨው የተቀላቀለበት አየር የነሐሱን መነካኪያ አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል፤ በደጋውም በብርቱ የውሃ ግፊት የሚያጥቡ ልጆች ውሃውን ወደማይገባበት ያስገቡታል። ታጥቦ በማግስቱ የለገመ ሞተር ብስክሌት ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ደግሞ መሪው ተቆልፎ ወደ አንድ ጎን ተደግፎ ከቆመ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሰው የመሪ መቀርቀሪያ ተጣብቆ አልላቀቅ ሊል ይችላል። መሪውን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ እያነቃነቁ አዝራሩን መጫን ያላቅቀዋል፤ በጕልበት መጠምዘዝ ግን ይሰብረዋል።

ስለ ሌባም ጥቂት እንበል። በ2011 በዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ያሉ ተመራማሪዎች፣ የስምንት ፋብሪካዎች ሥራ የሆኑ ዐሥር ዐይነት መኪናዎችን መርምረው፣ ጥሪውንና መልሱን በመሣሪያ ከሩቅ በማቀባበል በር ለመክፈትና ሞተር ለማስነሣት እንደሚቻል አሳይተዋል። በኪስ ቁልፍ የሚሠራ ሞተር ብስክሌትም መሠረቱ ያው ነው። ሌሊት ቁልፉን ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማኖር ይህን ይከለክላል። ጧት ሣጥኑን ከነቁልፉ በከረጢት አግብቶ የሚሄድ ሰው ግን ሞተሩ ለምን እንደማይነሣ ሲጠይቅ ይውላል።

በእኛ አስተያየት፣ ክትባት ወይም ደብዳቤ ይዞ ወደ ገጠር ለሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛ የሚገዛ ሞተር ብስክሌት ባለ ብረት ቁልፍ ቢሆን ይመረጣል። የብረት ቁልፍ ቢሰበር በቅርቡ ባለ ከተማ የሚቀርጸው ሰው ይገኛል፤ የኪስ ቁልፍን ለማስመዝገብ ግን የፋብሪካው መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። ይህን መሣሪያ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የተባለው ሁሉ ተሞክሮ ጉድለቱ ከቀጠለ፣ ሥራው የመካኒክ ነው። ደብተሩን ይዞ መሄድ መካኒኩን ከብዙ ግምት ያድነዋል፤ ሁለቱንም ቁልፎች ይዞ መሄድ ደግሞ የግድ ነው። ከሁለቱ አንዱ የጠፋበት ሰው የቀረው በእጁ ሳለ ሌላ ያስመዝግብ። ሁለቱም ከጠፉ በአንዳንድ ሞተር ብስክሌቶች ዘበኛ ያልነውን የኤሌክትሮኒክ ሣጥን ራሱን እስከ መለወጥ ይደረሳል፤ ወጪውም ከባድ ነው። በገበያ የሚሸጥ አሮጌ የኪስ ቁልፍ አስቀድሞ ለሌላ ሞተር የተመዘገበ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና አይመዘገብም። ሻጩ «ይሠራል ጌታዬ፣ እኔ አለሁ» ቢል፣ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ጋራዥ ድረስ አብሮ መጥቶ ሞተሩን አስነሥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው።